የትኛው ኖታ ነው ትክክለኛው?

በምረቃው በዓል ላይ የሙዚቃ ክበባችን ኅብረ ዝማሬ ለምን መሐል ላይ እንደ ተበላሸ ብዙ ዕጩ መምህራን ጠይቃችሁናል። የልምምድ ጉድለት አይደለም። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አዝማቹ አንዴ ብቻ እንዲዜም ኖታው ታርሞ በቴሌግራም ተልኮልን ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ አሮጌውም ስልካችን ላይ በዚያው ስም ተቀምጧል! ግማሹ ወደሚቀጥለው ስንኝ ሲያልፍ ግማሹ አዝማቹን ደገመ። ከደጋሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

በበኩሌ ጥፋቱ የአላላኩ ነው እላለሁ። ቴሌግራም ሌላ ቅጂ ይጨምርልናል እንጂ የቀድሞውን አይተካም። ሲንክቲንግ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ግን (በአንድሮይድ ስልክ ሲንክቲንግ ፎርክ ነው) የአንድን ፎልደር ይዘት በየመሣሪያው እኩል ያደርጋል፤ ይኸውም በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆንን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የክበቡ ኮምፒዩተር ላኪ ብቻ፣ ስልኮቻችን ተቀባይ ብቻ ይሁኑ። እርማቱ አንድ ቦታ ይገባል፣ አለቀ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያው ኖታው አይጠፋብንም» ይላሉ። ተሳስተዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተሰረዘ ከሁላችንም ስልክ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ በፍላሽ ለብቻው ይቀመጥ። ሌላም አለ፤ ሞባይልሺትስ ላይ በጣት የምንጽፈው የትንፋሽ ምልክት እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከፒዲኤፉ ጋር አይሄድም። ሁላችንን የሚመለከት ምልክት ዋናው ኖታ ላይ ይግባ።

ለሚቀጥለው ልምምድ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። አሮጌውን እዚያው አብረን እናጠፋዋለን።