ስለ ዶሮ መኖና ስለ እንቁላል ቅባት

በየቤታችሁ ዶሮ የምታረቡ እመቤቶች ሆይ፤ እንቁላል ለሕፃን፥ ለአራስና ከሕመም ለተነሣ ሰው የተመረጠ ምግብ መሆኑ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን የእንቁላሉ ቅባት ዶሮይቱ እንደ በላችው እህል የሚለዋወጥ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው።

የእንቁላል ቅባት የሚገኘው በአስኳሉ ውስጥ ነው፤ ነጩ ግን ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። በአንድ ትልቅ እንቁላል ውስጥ 5 ግራም ያህል ቅባት አለ። መኖው ቢለወጥም ይህ ልክ እጅግ አይጨምርም፥ እጅግም አይጐድልም፤ የሚለወጠው የቅባቱ ዓይነት ነው። ይኸውም ዶሮይቱ ከበላችው እህል የሚገኘው ዘይት በጉበቷ ተዘጋጅቶ በደሟ አማካይነት በማደግ ላይ ወዳለው አስኳል ስለሚገባ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. አርቴሚስ ሲሞፑሎስና ኖርማን ሳሌም የተባሉ ሊቃውንት፥ በግሪክ አገር በሜዳ ተለቀው ሣርና ነፍሳት የለቀሙትን ዶሮዎች እንቁላል በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጠው ጋር አስተያዩ። ኦሜጋ 6 የተባለው ቅባት በአሜሪካው እንቁላል የኦሜጋ 3ን 19 እጥፍ ያህል ሲሆን፥ በግሪኩ ግን በጥቂት ብቻ በልጦ ተገኘ። ኦሜጋ 3 ለሕፃናት አእምሮና ዓይን ማደግ የሚያስፈልግ ቅባት ነው።

በአገራችን እህሎች መካከል ይህን ቅባት በብዛት የያዘው ተልባ ነው፤ ከዘይቱ እኩሌታ የሚበልጠው የዚሁ ዓይነት ነው። በኑግና በሱፍ ግን የሚበዛው ኦሜጋ 6 ነው። ስለዚህ የምትወድ እመቤት ተልባውን አምሳ፥ ከመኖው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ብታቀላቅል ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለውጡ በአስኳሉ ውስጥ ይገኛል። ማመሱ በጥሬው ተልባ ውስጥ ያለውን ለዶሮ የማይስማማ ነገር ይቀንሳል። ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን እንቁላሉ የዓሣ ሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የአስኳሉን ቢጫነት አይቶ ዋጋ ጨምሮ ይገዛል። ይህ ቀለም ከለምለም ቅጠልና ከቢጫ በቆሎ የሚመጣ ነው እንጂ ስለ ቅባቱ ዓይነት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በመኖው ውስጥ ማቅለሚያ ቢጨመርም አስኳሉ ይቀላልና። እንግዲህ ገዢ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ «ዶሮዎቹ ምን ይበላሉ?» ብሎ ሻጩን ይጠይቅ። ገንዘቧ ጥቂት የሆነ እናትም ለቀለም ብላ ዋጋ ከምትጨምር፥ በዚያው ገንዘብ ለልጆቿ አንድ እንቁላል አክላ ብትገዛ ይሻላታል።