ለቀለሙ ማን ይጠየቅ?

ኤሌክትሮኒክስ ይታተማል ስንል የሚስቁብን ወዳጆች አሉን፡፡ ጋዜጣ ይታተማል፣ ቲሸርት ይታተማል፤ ኤሌክትሮኒክስ ግን እንዴት ሆኖ? መልሱ የስኳር ህመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉ አለ፡፡ ጣት ተወግቶ ደም የሚነካት ያቺ ስስ ስትሪፕ ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው፣ በብዙዎቹ ላይ፣ በታተመ የካርቦን ቀለም ነው፡፡

አሠራሩን ቲሸርት አታሚዎች ያውቁታል፡፡ መረብ ይወጠራል፣ ቀለሙ በጎማ እየተገፋ ያልፋል፡፡ ቲሸርት ላይ ቀለሙ ትንሽ ቢሰፋ ማን ልብ ይለዋል? እዚህ ግን የታተመው ቦታ ስፋት ሲለወጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ማሽኑ ደግሞ ስኳሩን የሚያሰላው ከዚያው ኤሌክትሪክ ነው፡፡ የቀለሙ ውፍረት፣ የመረቡ ውጥረት፣ የጎማው ግፊት፣ የማድረቂያው ሙቀት፤ አንዱ ሲዛባ ቁጥሩም ይዛባል፡፡

ታዲያ ፋብሪካዎች ይህን ልዩነት ለዓመታት እንዴት ተወጡት? ለህመምተኛው አሸከሙት! እያንዳንዱ የምርት ዙር የራሱ ኮድ ተሰጠው፤ አዲስ ጠርሙስ የከፈተ ሁሉ ማሽኑን በኮዱ እንዲያስተካክል ታዘዘ፡፡ ዓይናቸው የደከመ እናት ኮዱን ከረሱ ጥፋቱ የእሳቸው ሆነ፡፡

ፍጹም ህትመት ስለሌለ ኮዱ ግድ ነበር የሚሉ አሉ፡፡ ፍጹም ህትመት እንደሌለ እኛም እንስማማለን፡፡ ግን ዛሬ ኮድ የማይጠይቁ ስትሪፖች ሞልተዋል፡፡ አንዳንዱ አምራች ቁጥጥሩን አጠበቀ፣ ሌላው ማሽኑ ራሱ እንዲያነበው ኮዱን ስትሪፑ ላይ አሰፈረ፡፡ ሸክሙ ወደ ፋብሪካው መመለስ ይችል ነበር ማለት ነው፡፡

ነገሩ የዋዛ አይደለም፡፡ አይኤስኦ 15197 የተባለው መስፈርት በ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን ከ100 ውጤት 95ቱ በ15 ነጥብ ልዩነት ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል፡፡ እውነተኛው ስኳር 70 ከሆነ ማሽኑ 55ም 85ም ቢል ያልፋል ማለት ነው፡፡ 85 ያየ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል፤ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን 70 የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፡፡ መስፈርቱን አሟልቶ እንኳ ይህን ያህል ክፍተት ካለ፣ በህትመቱ ቸልተኛ የሆነው አምራች የት ሊያደርሰን ነው?

ስለዚህ ስትሪፕ በጅምላ የሚገዙ ሁሉ ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ ያንሱ እንላለን፡፡ መስፈርቱ 3 የምርት ዙሮች እንዲፈተኑ ያዛል፤ የእያንዳንዱ ዙር ውጤት ለየብቻ ይቅረብ፡፡ ማሳየት የማይችል አምራች በርካሽነቱ ብቻ ጨረታ ማሸነፍ የለበትም፡፡