ወይ ሙሉውን ዝፈኑ፣ ወይ ግጥሙን ተዉት

ሰሞኑን ስለ ፈረንሳይ ዘፈን በተደረገ ውይይት አንድ ተናጋሪ፣ ታላላቅ ግጥሞችን ከመደርደሪያ አውርደው ለሕዝብ ያደረሱት ዘፋኞች ናቸው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ንግግሩም ጭብጨባውም አስቆጣኝ። ለሕዝብ የደረሰው ምኑ ነው?

ባለቅኔው ሉዊ አራጎን «ደስተኛ ፍቅር የለም» የተሰኘውን ግጥም የጻፈው በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር ሳለች ነው። ግጥሙ ሐዘኑን በአዝማች እየደጋገመ ሄዶ በመጨረሻው አንጓ የአገርን ፍቅር ያነሣል። ከዚያም ተስፋ በቆረጠው አዝማች ላይ የሁለት ሰዎችን ፍቅር አቁሞ ይዘጋል። የግጥሙ ምሥጢር ያለው እዚያ ነው። ዘፋኙ ዦርዥ ብራሳንስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዜማ ሲሰጠው ቆርጦ የጣለው ይህንኑ አንጓ ነው። በወረራ ዘመን የተጻፈው ግጥም የፍቅረኞች ትካዜ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡም ያንን በቃሉ ያዘ።

በዚህም አላበቃም። ብራሳንስ የካቶሊኩን ባለቅኔ የፍራንሲስ ዣምን የማርያም ጸሎት የዘፈነውም በዚያው ዜማ ነው። የኮሚኒስቱ የአራጎን የጦርነት ዘመን ሐዘንና የአማኙ ልመና አንድ ልብስ ለበሱ። ዜማው ከግጥሙ ምሥጢር የወጣ ቢሆን ኖሮ እንዴት ለሁለቱም ይሆናል? የስንኞቹ ልክ ገጠመ፣ በቃ። ይህ ግጥምን ማገልገል አይደለም፤ ግጥምን ለዜማ ማገዶ ማድረግ ነው።

ዘፈን ማጠርን ይጠይቃል የሚል መከራከሪያም አልቀበልም። ዘፋኙ ሌዮ ፌሬ፣ አራጎን ስለ ፀረ ናዚው ታጋይ ሚሳክ ማኑሺያንና በ1944 በጀርመኖች ስለተረሸኑት ጓዶቹ የጻፈውን ግጥም በ1961 ሲዘፍን አንጓዎቹን አልቆረጠም። ርዕሱን «ቀዩ ፖስተር» ብሎ ለወጠ እንጂ ሟቾቹንም ዘመናቸውንም አልደበቀም። አድማጭ ርዝመቱን ጠልቶ አልሸሸም፤ ዘፈኑ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ብራሳንስ አላዋቂ ቢሆን ይቅርታ ይደረግለት ነበር። ነገር ግን በ1967 የፈረንሳይ አካዳሚ በግጥም የሸለመው ሰው ነው። የአንድ አንጓ ዋጋ ስንት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። የራሱን ግጥም አንድ ሌላ ዘፋኝ ጫፉን ቆርጦ ቢዘፍንበት ኖሮ ዝም ይል የነበረ አይመስለኝም።

አንባቢ ሆይ፣ የብራሳንስን ዘፈን የምትወደው ከሆነ የአራጎንን መጽሐፍ ፈልግና የመጨረሻውን አንጓ አንብብ። ዘፋኞችም ከባለቅኔ ግጥም ስትወስዱ ወይ ሙሉውን ዝፈኑ፣ ወይ የራሳችሁን ጻፉ። ጫፉ የተቆረጠ ግጥም ለሕዝብ ደረሰ አይባልም።