ከደም ሥር ስለሚያመልጥ የነቀርሳ መድኃኒት

ጨዋ ሰው ሕመሙን በሆዱ ይዞ ዝም ማለቱ ከጥንት ጀምሮ የሚመሰገን ጠባይ ነው። ዳሩ ግን የነቀርሳ በሽተኛ በክንዱ መርፌ ገብቶለት ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት በሚቀበልበት ሰዓት ይህ ጠባይ ይጐዳዋል። አንዲት ዘመዴ መድኃኒቱ ሲወርድላት ክንዷን ቢያቃጥላት፥ ሰው ማስቸገር ነውር መስሏት እስኪያልቅ ድረስ ዝም አለች። ከቀናት በኋላ ቆዳዋ ጠቍሮ ቈሰለ፤ ቍስሉም ብዙ ወራት አስቸገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት በደም ሥር ውስጥ ሲሄድ ከደም ጋራ ተቀላቅሎ ይሳሳል፤ ከሥሩ አምልጦ ወደ ሥጋው የፈሰሰ እንደ ሆነ ግን እዚያው ቈይቶ ሥጋውን ይገድለዋል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቅላት ብቻ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይዘናጋል።

ስለዚህ በሽተኛው ማቃጠል ወይም ማበጥ እንደ ጀመረው ወዲያው ይናገር፤ እርሱ ቢያፍር አጠገቡ ያለው ዘመድ ይጥራ። ነርሷ መድኃኒቱን ታቆማለች፤ መርፌውን ግን ቶሎ አትነቅለውም፥ የፈሰሰውን የተቻላትን ያህል በዚያው በኩል በስሪንጅ መልሳ ትስበዋለችና። ስፍራውን ዙሪያውን በቀለም ታሰምራለች፤ ክንዱም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዘመድ ስፍራውን ከማሸት ይጠበቅ።

ሙቅ ጨርቅ ማድረግ የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ለዶክሶሩቢሲን የሚገባው ብርድ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ20 ደቂቃ ያህል፥ በቀን 4 ጊዜ ይደረግበታል። ከማዳጋስካር አበባ ለሚገኘው ለቪንክሪስቲን ግን የሚስማማው ሙቀት ነው፤ ሂያሉሮኒዳዝ የሚባል ማርከሻም ይወጋበታል። አንዱን በሌላው መለወጥ ጉዳቱን ያብሳል፤ ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም አስቀድሞ ጠይቆ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል።

ለዶክሶሩቢሲን ዴክስራዞክሳን የሚባል ማርከሻ አለው፤ በአውሮፓ አገሮች የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ነው። በሌላው ክንድ በኩል 3 ቀን ተከታትሎ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውም መድኃኒቱ ከፈሰሰ 6 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። በረዶው ከ15 ደቂቃ በፊት ይነሣል። ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ማቃጠሉ ቤት ከተመለሱ በኋላ የተሰማ እንደ ሆነ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ሳይነጋ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።