ኮአርተም በባዶ ሆድ አይዋጥ
በፋልሲፓረም ወባ የተያዘ ሰው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወስደው ኮአርተም አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል። ሉሜፋንትሪን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከሰውነት ይወጣል። ቅባት ያለው ምግብ ግን ሐሞት ወደ አንጀት እንዲፈስ ያደርጋል፤ መድኃኒቱም በሐሞትና በቅባቱ ውስጥ ሟሙቶ በአንጀት ግድግዳ ያልፋል። በጤነኞች ላይ በተደረገ ጥናት ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የገባው ሉሜፋንትሪን 16 እጥፍ ገደማ ጨምሯል። ደግነቱ ብዙ ቅባት አያስፈልግም፤ ጥቂት ወተት ይበቃል፣ ለጾመኛም ዘይት የገባበት ሽሮ ያገለግላል። ስለዚህ «ጠዋትና ማታ» ብሎ ብቻ ኪኒን ማስረከብ የጎደለ ሕክምና ነው፤ ከምን ጋር እንደሚዋጥ መንገር የመድኃኒት ቤት ግዴታ ሊሆን ይገባል። ትኩሳት የምግብ ፍላጎት በሚዘጋበት በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እህል ብላ ብሎ ከማስገደድ ወተት ማስጎንጨት ይቀላል።