«ለእግዚአብሔር ስጠው» ከማለታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሽንኩርት ምርት ሲደርስ ከደብረ ሲናና ከዙሪያዋ ደጋ ብዙ ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። አብሮን የሚያገለግል አንድ ወንድምም ወርዶ ነበር። አሥራ ስምንት ቀን ሽንኩርት ነቅሎ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ ሒሳብ በሚደረግበት ዕለት የተስማማበት ክፍያ ግማሽ ብቻ ተቆጥሮ ተሰጠው። አሠሪው ወደ ደላላው፣ ደላላው ወደ አሠሪው ያመለክታሉ። በሽማግሌ ቢያስጠይቅ ያገኘው መልስ፣ «አንተ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ፤ ለእግዚአብሔር ስጠው» የሚል ሆነ። ይህን ከመከሩት መካከል እኛም ነበርንበት። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ለምክራችን ዘወትር የምንጠቅሰው ቅዱስ ጳውሎስ ከመካሰስ ይልቅ መበደልን ስለ መታገሥ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥7)። ነገር ግን ከፍ ብላችሁ ቁጥር 5ን ተመልከቱ፤ ሐዋርያው በወንድሞች መካከል የሚፈርድ አንድ ጥበበኛ እንኳ መጥፋቱን አንሥቶ ያሳፍራቸዋል። ዝቅ ብላችሁም ቁጥር 8ን ተመልከቱ፤ ወንድማቸውን የሚያታልሉትን ይገሥጻል። እኛ መካከሉን ቆርጠን ለተበዳዩ ሰጠነው፤ ለበዳዩ የተጻፈውን ግን አላደረስንለትም።

ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሮአል (ሉቃ. 19፥8)። ገንዘቡን በኪሱ ይዞ «ይቅር በለኝ» የሚል ሰው ግን የሚጠይቀው ይቅርታ ሳይሆን ደረሰኝ ነው። የሙሴ ሕግ የድኃው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባበት እንዲሰጠው ያዝዛል (ዘዳ. 24፥15)፤ መጽሐፈ ሲራክም የሠራተኛን ዋጋ መከልከልን ደም ከማፍሰስ ጋር ያስተካክለዋል፤ ከድኃ በተነጠቀ ገንዘብ የሚቀርበውንም መሥዋዕት ይነቅፋል። ለሕንፃ ማሠሪያ ከባለጸጋ ስጦታ ስንቀበል ይህን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? (ጥያቄው በስብሰባ ሲነሣ ብዙ ወዳጅ እንደማያፈራ አውቃለሁ።)

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓት ብልሽት 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያለ አግባብ ሲወጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። መመለሱ የተገባ ነበር፤ እኔም ተማሪ ነኝና ይህንኑ እላለሁ። ነገር ግን ባንኩን «ለእግዚአብሔር ስጠው» ያለ ሽማግሌ አልሰማሁም።

ዝምታው ደግሞ ዋጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በቃል የተደረገ የሥራ ውልም ውል ነው፤ ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ከክረምቱ በኋላ» እያልን ስናመላልሰው የምናስታርቅ ይመስለናል፤ ቀኑ ግን ለበዳዩ ይቆጥርለታል።

ወንድማችን ይቅር ማለት ቢፈልግ ይቅርታው የራሱ ነው፤ እኛ በእርሱ ኪስ ቸር ልንሆን አይገባንም። ገንዘቡ ከተከለከለ አራተኛ ወሩን ይዞአል። የሠራባቸውን ቀኖች በደብተር ጽፎ አስቀምጦአል፤ አብረውት የነቀሉ ሁለት ልጆችም ሊመሰክሩ ፈቅደዋል። በሚመጣው ቅዳሜ ከእርሱ ጋር ወደ ሮቢት እንወርዳለን። በዕድሜ የበሰለ፣ አሠሪው የሚያፍረው አባት ቢገኝልን መልካም ነውና፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ አነጋግሩን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።