«ሌሊት 8 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት አለ እንበል። አለቃው «ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይወሰድ፤ ያኔ ማንም ሥራ ላይ አይኖርም» ይሉታል። ልጁም ተርሚናሉን ከፍቶ፣ ሥራዎችን በሰዓታቸው ለሚያስነሣው ክሮን «8» ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ደንበኛው ወረፋ ይዞ ሳለ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። ሁሉም ኔትወርኩን ይራገማል።

ኔትወርኩ ግን ምንም አላጠፋም። ሰርቨሩ የሚሄደው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩ.ቲ.ሲ. ነው። በዩ.ቲ.ሲ. 8 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። አለቃው ያሉት ሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 2፣ በሰርቨሩ ደግሞ 23 ሰዓት ነው፤ ያውም በፈረንጁ አቆጣጠር የትናንትናው ቀን።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ጥፋቱ የሐበሻ ሰዓት ነው። ዓለም በአንድ አቆጣጠር እየሄደ እዚህ ለብቻ መቁጠር ምን ይባላል?» ፍርዱ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ስሕተት ነው። ጥፋቱ የሰዓቱ ሳይሆን የብቻዋ «8» ነው። የማን 8 እንደሆነች የሚናገር ነገር አጠገቧ የለም።

ኮምፒውተሩ እኮ የፈረንጅም ሰዓት የለውም! በሊኑክስ ተርሚናል ላይ «ዴት» የሚለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው ቀንና ሰዓት ያያል። ከውስጥ ያለው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970)፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈው የሰከንድ ብዛት። ወር፣ ቀን፣ ሰዓት የሚባለው ሁሉ የዚያ ቁጥር ትርጉም ነው። ቁጥሩን በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ሲስተሞች ሞልቶ የሚፈስባቸውም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ላይ ነው። ማሽኑ በዓሉን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰከንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን መጠየቅ ያለበት ሰው የማን ሰዓት እንደሚፈልግ መናገር ይኖርበታል። ከትእዛዙ ፊት «ቲ.ዜድ.» የሚለውን አስቀድሞ የክፍለ ዓለምና የከተማ ስም መጻፍ በቂ ነው፤ ያው አንድ ሰከንድ በኒው ዮርክ፣ በኢየሩሳሌም ወይም በዱባይ ሰዓት ተተርጉሞ ይወጣል። ቁጥር ሳይሆን ከተማ የሚጻፈው በምክንያት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን አንድ ታስቀድማለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። አዲስ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ አትነቃነቅም። ስለዚህ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን የምትቀድመው አንድ ጊዜ በ8፣ ሌላ ጊዜ በ7 ሰዓት ነው። «ልዩነቱ 8 ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ሥራ ፈላጊ፣ በአፕሪል የኦንላይን ቃለ መጠይቁን በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፍታል። ማንም አይጠብቀውም።

ከከተማ ይልቅ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ከዩ.ቲ.ሲ. 3 ሰዓት ስለምትቀድም «ዩ.ቲ.ሲ. ሲደመር 3» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ቦታ ግን በቆየው የዩኒክስ ደንብ ምልክቱ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ መደመር ማለት ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ነው። ሰውዬው ሳያውቀው ቡዌኖስ አይረስ ገብቷል! ጉዱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ የሚመጣውም 2 ነው። የአርጀንቲና ሰዓትና የሐበሻ ሰዓት ቁጥራቸው ይገጥማልና፣ ሰውዬው «ለካ የኛንም ሰዓት ያውቃል» ብሎ ደስ ይለዋል። በዚያ ሰዓት የሚጻፉት መዝገቦች ግን ከከተማው ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። ትክክል የሚመስል ስሕተት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

መፍትሔው አቆጣጠርን መተው ነው? አይደለም። እንዲያውም በቅርቡ የወጡት የጂ.ኤን.ዩ. «ዴት» እትሞች፣ ማሽኑ በኢትዮጵያ አማርኛ ከተዋቀረ ቀኑን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያሳያሉ። ማሽኑ ለመተርጎም ፈቃደኛ ነው። ዋናው ነገር ለሰው ዓይን የሚታየውን ቀን ማሽን ለሚያነበው ፋይልና መዝገብ አለመጠቀም ነው። መዝገቡ በዩ.ቲ.ሲ. ይቀመጥ፤ ለባለጉዳዩ ግን በሚገባው አቆጣጠር ይነገረው።

ይህ ልማድ ከውጭ የመጣ እንዳይመስል፣ አማርኛ ራሱ ቁጥርን ብቻዋን አይልክም። «ከጠዋቱ»፣ «ከሌሊቱ» ይላል። «ሰኞ ሌሊት» አሻሚ ሲሆንበት «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ ይቆርጠዋል። ዓመት ሲጽፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያስከትላል። አያቶች ለቀጠሮ ያልዘነጉትን ጥንቃቄ ባለኪቦርዱ ትውልድ ለማሽን ሲጽፍ ጣለው።

ያ ወጣትም አለቃውን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ረፋዱ በሰላም ባለፈ ነበር፦ «ሌሊት 8 ሰዓት፣ በማን ሰዓት?» ሲጠየቅ የሚያሳፍር ይመስላል። የሚያሳፍረው ግን ሳይጠይቁ «8» ብሎ መጻፍ ነው።